ያልነበረው እሾህ

ባለፈው ማክሰኞ ወደ ወናጎ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ድንገት ዳር ይዞ ቆመ። በመስኮት ብመለከት ሁለት ጎረምሶች ናቸው። ጭናቸው ላይ የተጣበቀ ቁምጣ ለብሰው፣ ራሳቸው ላይ ቅል የመሰለ ነገር ደፍተው፣ አንዱ ብስክሌቱን ገልብጦ ሌላው ጎማ ታቅፎ መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ሹፌራችን ማንም ሳይለምነው ወረደና ከወንበሩ ሥር መንፊያ አወጣ። ከኋላችን ይመጣ የነበረ ባጃጅም ቆመ። ከተሳፋሪው አንዱ "ረፈደብን እኮ!" ብሎ ቢያጉረመርም ሹፌሩ "ነገ አንተም መንገድ ላይ ትቀራለህ" ብሎ አፉን አዘጋው። እኔም እግሬን ላፍታታ ብዬ ወረድኩ። ምነው ባልወረድኩ! ልጁ የማስቲሹን ክዳን ሲከፍት ያ ሽታ፣ ያ ቤንዚን ቤንዚን የሚለው ጣፋጭ ሽታ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ሄጄ የሚኒባሱን በር ተደገፍኩ። "አባባ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ ጎማውን የታቀፈው። "ዕድሜ ነው ልጄ" አልኩት። ዕድሜ አልነበረም።

ከእኩዮቼ ጋር ሻይ ቤት ስንቀመጥ ወሬያችን ያው አንድ ነው። "ድሮ ቀረ! ያኔ የሰው መድኃኒቱ ሰው ነበር፤ ዘንድሮ ማን ለማን ይቆማል?" ይባባላሉ። እኔ ሻዬን አማስላለሁ። ዘንድሮም እንደሚቆሙ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ደግሞም ያን ድሮ እያሉ የሚያለቅሱለትን መልካም ነገር ካበላሹት መካከል አንዱ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ከጎናቸው ተቀምጦ ሻይ የሚያማስለው ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ጽፌ አላውቅም። ለአንድ ሰው ብቻ በአፌ ነግሬው ነበር፤ እሱም የሆነውን ቆይታችሁ ታነቡታላችሁ።

ንጉሡ በዙፋናቸው የነበሩበት ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ አምታታለሁ፤ የቴትሮን ሸሚዝ ዋጋ ብትጠይቁኝ ግን አልሳሳትም። ዘጠኝ ብር ነበር፤ መከራከር ለሚያውቅ ስምንት ብር ከሽልንግ። ዲላ ያኔ አንድ ሰፊ መንገድና ግራና ቀኝ የተለጠፉ ሱቆች ነበረች። ጥግ ላይ ካለው የአረብ ሱቅ ተምርም፣ ላምባም፣ የሸክላ ማጫወቻ መርፌም ይገኛል። ቀጥሎ በረንዳው ላይ መኪናውን የሚረግጥ ጉራጌ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቦላሌ ሱሪ የጀመርነውን ወጣቶች "ከአንዱ እግር ብቻ ለሴት ልጄ ቀሚስ ይወጣል" እያለ እየሳቀብን ይሰፋልናል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት። ከመጠጥ ቤቶቹ የሸክላ ዘፈን እስከ መንገዱ ይሰማል፤ በቡና ወራት ደግሞ ዘፈኑም፣ ልብሱም፣ ሰውም የጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ሽታ ይሸት ነበር። ከገበያው በታች ብስክሌት የሚያከራይ ሰውዬ ነበር፣ ሰዓቱን በስሙኒ። ከአምስቱ ብስክሌቶቹ ፍሬን ያላት አንዷ ብቻ ነበረች፤ የቀሩትን የምናቆማቸው በጫማችን ሶል ነው። አሁን በዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ከሥሩ የሞባይል ዕቃ ይሸጣሉ።

የራሱ ብስክሌት ያለው ሰው ግን በጣት ይቆጠር ነበር። ሐኪምም ነርስም ሆኖ የሚሠራው የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ጥቂት የቡና ነጋዴ ወኪሎች፣ አንድ ሁለት የቢሮ ጸሐፊዎች፣ ከዚያ እኔ። የኔዋን የገዛኋት ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ ህንዳዊ መምህር ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ እንደ በቅሎ እልኸኛ ነበረች። የማስተምረው ወናጎ ነው፤ እናትና አባቴ ያሉት ዲላ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ያን ኮረኮንች እየወጣሁ እየወረድኩ እመጣለሁ፤ እሑድ ማታ እመለሳለሁ። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ደወሌን እየደወልኩ ሳልፍ የገበያ ሴቶች ቀና ብለው ካላዩኝ የሚከፋኝ ዓይነት።

መንገዱ የራሱ ሕግ ነበረው፤ የጻፈው ሰው የለም። ብስክሌቱ የተበላሸበት ሰው በመሪዋና በኮርቻዋ ገልብጦ፣ ጎማዎቿን ወደ ሰማይ አድርጎ ያቆማትና አጠገቧ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ መለመን የለም፣ እጅ ማውለብለብ የለም። የተገለበጠ ብስክሌት አይቶ ማለፍ ነውር ነው። በእግሩ የሚሄድ ይሁን በበቅሎ፣ ቡና የጫነ መኪና ይሁን እንሰት የተሸከመች ሴት፣ ይቆማል። የሚችል ይጠግናል፤ መኪና ያለው ይጭናል፤ ምንም የሌለው ሌላ ሰው እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ያጫውታል። ሲለያዩ የተረዳው "መንገድ ይክፈልህ" ይላል፤ በቃ፣ ሌላ ዋጋ የለውም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጎማዬ እስከ ውስጡ ተተርትሮ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አማርኛ እምብዛም የማይችል አንድ ገበሬ ከማሳው ወጣ። አየኝ፣ ብስክሌቷን አየ፣ ተመልሶ ሄዶ ደረቅ የእንሰት ቅጠል ታቅፎ መጣ። ጎማው ውስጥ እየጠቀጠቀ ሞላው፤ ዙሪያውን በቃጫ ጠፈረው፤ ከዚያ በእጁ "ሂድ" አለኝ። እየተንገጫገጭኩ ዲላ ገባሁ። ስሙን አልጠየቅኩትም፤ መጠየቅም ልማዱ አልነበረም። እንዲህ የተደረገልኝ ሰው ነኝ እንግዲህ ያን ያደረግኩት።

ያ ቅዳሜ የጥር ቅዳሜ ነበር። በማግስቱ የልብ ጓደኛዬ ያገባል፤ እኔ ሚዜ ነኝ። ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ሚዜዎቹ ዲላ ፎቶ ቤት ተገናኝተን ከሙሽራው ጋር ፎቶ ልንነሣ ተቀጣጥረናል። ለፎቶው ነጭ የቴትሮን ሸሚዝ ገዝቻለሁ። በካርቶን አስሬ ብወስደው ምን ነበረበት? የወናጎ ሰው እንዲያየኝ ስል ለብሼው ወጣሁ። ጥር ደግሞ አቧራ ነው። የመጀመሪያውን ዳገት ሳልጨርስ ጀርባዬን ላብ አጠመቀው፤ ወዲያው አንድ የጭነት መኪና አልፎ አቧራውን አለበሰኝ። ቆሜ ሸሚዜን እያራገፍኩ አሰብኩ። መኪና ብሳፈርስ? ነገር ግን ብስክሌቱ ደህና የሆነን ሰው ሹፌር አይጭንም፤ "እግርህን ምን ነካው?" ብሎ ይስቅበታል። ብስክሌቷ የተገለበጠች እንደሆነ ግን እሱ ራሱ ወርዶ ይጭናታል። ሰይጣን ከዚህ በላይ መምከር አላስፈለገውም። ኩርባው ጋ ስደርስ የኋላ ጎማዬን የአየር መዝጊያ ፈታሁት። ፍስስስ አለ፤ ባዶ ሲሆን መልሼ አጠበቅኩት። መንፊያዬን ከቦርሳዬ ሥር፣ ከልብሴ በታች ቀበርኩት። ብስክሌቷን ገለበጥኳት፤ ሱሪዬ እንዳይቆሽሽ መሐረቤን አነጠፍኩና ጥላ ውስጥ ተቀመጥኩ።

መኪና አልመጣም። የመጣው ከዲላ በኩል ብስክሌት የሚገፋ ሰው ነው፤ ድሬሰር አሰፋ። ከሸዋ የመጣ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ኮቱን በሙቀትም በብርድም የማያወልቅ ሰው ነበር። ከኋላው መጫኛ ላይ የቆዳ ሻንጣው ታስሯል። ዳገቱን ጨርሶ እየተነፈሰ መጣና የኔዋን እንዳየ የራሱን ከአንድ ግንድ ላይ አስደገፈ።

"ምን ሆንክ ወንድሜ?"

"ተነፈሰብኝ።"

"መንፊያስ?"

"አልያዝኩም" አልኩት። ቦርሳዬ ላይ ነበር የተደገፍኩት፤ መንፊያው ጎኔን ይወጋኝ ነበር።

እጅጌውን ሰበሰበ። አፍሬ፣ ነገሩን በአጭሩ ላስቀረው ብዬ "ወዴት እየሄዱ ነው ድሬሰር?" አልኩት። "እዚህ መንደር ምጥ የያዛት ሴት አለች። ከትናንት ጀምሮ ነው አሉኝ" አለና ከኩርባው በላይ ያለውን ጫካ በአገጩ አመለከተኝ። ይህን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብል ለራሴ በቀለለኝ ነበር፤ ግን ሰምቻለሁ። "እንግዲያ ይሂዱ፤ ለኔ መኪና ይመጣልኛል" አልኩት። ድሬሰር አሰፋ ሳቀ። "መኪና ባይመጣስ? የተገለበጠ ብስክሌት አልፌ ብሄድ ነገ የኔ ሲገለበጥ ማን ይቆምልኛል? ደግሞ ከሩብ ሰዓት አያልፍም።"

የራሱን መንፊያ አውጥቶ ነፋልኝ፤ ጎማው ሞላ። ተመስገን፣ አበቃ አልኩ በልቤ። እሱ ግን ጆሮውን ጎማው ላይ ለጥፎ ቆየና ራሱን ነቀነቀ። "ጎማ ያለ ምክንያት አይተነፍስም" አለኝ። "ግድ የለም፣ ይኸው ይዟል" ብለው "ቁስሉን ሳላይ ፋሻ አልጠቀልልም፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሳትሄድ እንደገና ትቀራለህ" አለ። ጎማውን ፈታ፤ የውስጡን አወጣ፤ ከመንገዱ በታች ወዳለው ጅረት ይዞት ወረደ። እኔም ተከተልኩት። ውኃው ውስጥ እየነከረ፣ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ በጣቱ እየጨመቀ አረፋ ይፈልጋል። አረፋ ከየት ይምጣ? እንደገና ዞረው፣ እንደገና። አንድ አሮጌ ልጣፊ ጠርዙ ትንሽ ተነሥቶ አገኘና "ይሄ ሳይሆን አይቀርም" ብሎ ነቀለው፤ በድንጋይ አሻከረው፤ ማስቲሽ ቀባ፤ እስኪደርቅ በአፉ እፍ እያለ ጠበቀው። እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ማስቲሹን እያሸተትኩ ነበር። አፌን ስንት ጊዜ ከፈትኩ! "ድሬሰር፣ ውሸቴን ነው፣ ይሂዱ" ማለት ስንት ቃል ነው? አራት ቃል ነው። ሊስቅብኝ ነው፣ ዲላ ሁሉ ሊሰማ ነው፣ "ሸሚዙ እንዳይቆሽሽበት ጎማውን አስተነፈሰ" ሊባል ነው ብዬ አራቱን ቃል ዋጥኳቸው።

ጎማውን መልሶ ሲያስገባ ዓይኑ መንገዱ ዳር ባለው የአጋም ቁጥቋጦ ላይ አረፈ። አንዱ ቅርንጫፍ ተሰብሮ መንገዱ ላይ ወድቋል፤ እሾሁ የሕፃን ጣት ያህላል። ፊቱ በራ። "ይኸውልህ! የወጋህ ይሄ ነው" አለኝ። "አዎ፣ እሱ ነው" አልኩት። ቅርንጫፉን በእግሩ ገፍቶ ገደል ከተተው፤ እጁን በሣር ጠረገ፤ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየና ያን ጊዜ ገና ደነገጠ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተናል። "መንገድ ይክፈልዎ" አልኩት እንደ ልማዱ። "ላንተም" ብሎ ብስክሌቱን እየገፋ ሮጠ።

ያ ፎቶ ዛሬም አለኝ። ከሙሽራው በስተግራ የቆምኩት፣ ጎፈሬዬን ያበጠርኩት፣ ጥርሴ የሚታየው እኔ ነኝ። ሸሚዙ ከጅረቱ ዳር ጭቃ ነክቶት ስለነበር ደረቱ ላይ ያለውን በክንዴ ሸፍኜዋለሁ። በማግስቱ እስኪበቃኝ ጨፈርኩ። ሰኞ ወናጎ ስደርስ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነገረኝ። ሴትዮዋ አየለች ትባል ነበር። ልጅቷ ወጥታለች፤ እናትየዋ ግን ደም ፈሷት ድሬሰሩ ከጓሮ በር ሲደርስ ነፍሷ ወጣ። ዘበኛው ይህን ብሎኝ ደወሉን መታ፤ እኔም ክፍል ገብቼ ማባዛት አስተማርኩ።

ከዚያ ወሬው ሌላ መልክ ያዘ። ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ድሬሰሩን ጅረቱ ዳር አይተውት ኖሯል። ሴት በምጥ ስትጨነቅ እሱ ውኃ ዳር ቁጭ ብሎ ይጫወት ነበር ተባለ። ባልየው ዱካሌ፣ ዕድሜው ሠላሳ የሆነ የቡናና የእንሰት ገበሬ፣ ነገሩን ወደ ሶንጎ ወሰደው፤ ሶንጎ ማለት የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚዳኙበት ሸንጎ ነው። ሶንጎው ጥፋተኛ ካለው ነገሩ ወደ በላይ መሥሪያ ቤትም ይደርሳል፤ ድሬሰሩ እንጀራውንም ስሙንም ያጣል። ረቡዕ ዕለት ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። በአራት ቀን ውስጥ ኮቱ ሰፍቶት ነበር። "መምህር፣ ና መስክርልኝ። የቆምኩት ላንተ መሆኑን ብቻ ንገርልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም" አለኝ። እንዲህ እያለኝ እንኳ አንድ ጊዜም በክፉ ዓይን አላየኝም።

ሄድኩ። ከትልቅ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎቹ ከበው ተቀምጠዋል፤ ዱካሌ ጫፍ ላይ ብቻውን። ንግግሩ በጌዴኦኛ ነበር፤ ተራው ሲደርስ ግን ዱካሌ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ጠየቀኝ። የዱካሌ አማርኛ አንቱ የለውም፤ ለመምህሩም፣ ለገዢውም፣ ለእግዜሩም "አንተ" ነው የሚለው።

"መምህር። ይሄ ሰው ለአንተ ነው የቆመ?"

"ለኔ ነው።"

"ስንት ቆየ?"

"አንድ ሰዓት ይሆናል። ትንሽም ያልፋል።"

ዓይኑን ጨፈነና ገለጠ። "ጎማ በምን ተበሳ?"

ስመጣ መንገድ ላይ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ነበር፤ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ብዬ ነበር። ሁሉም አፍ አፌን ሲያዩኝ ግን ምላሴ ያገኘችው የድሬሰሩን ቃል ነው። "በእሾህ" አልኩ። "ኩርባው ላይ ባለው አጋም።"

ዱካሌ ብዙ አሰበ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ በዝግታ አንድ ነገር ተናገረ፤ አንደኛው ተረጎመልን። "እሾህ ከሆነ ሰው የለበትም ይላል። የተገለበጠ አልፎ አይኬድም፤ ሰውዬው ሕጉን ነው የጠበቀ። ክሱን ትቶታል።" ድሬሰር አሰፋ እጄን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። እውነቱን ተናግሮ ሰው ከጉድ ያወጣ መምህር ተባልኩ፤ ስሜ በመንደሩ ሁሉ ተነሣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔው እያደር ጨለመ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ዲላ ስወርድ ኩርባው ላይ ሰው አየሁ። ዱካሌ ነው። ገጀራ ይዞ የአጋሙን ቁጥቋጦ ከሥሩ ይቆርጣል፤ የወደቀውን እሾህ እየለቀመ ጉድጓድ ይከታል። መውረድ ግድ ሆነብኝ። "ምን እያደረግህ ነው፣ አቶ ዱካሌ?" ብለው ቀና አለ። "አጋም እቆርጣለሁ" አለ። "ነገ ሌላ ሰው ሚስት ያምጣል። ድሬሰር ይመጣል። እሾህ ይይዘዋል። እምቢ።" ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞክሮ "አንተ ሂድ፣ ከእንግዲህ አይወጋህም" አለኝ።

አንድ ቀን ሠርቶ ይተወዋል ብዬ ነበር። አጋም ግን ሲቆርጡት የሚብስበት ተክል ነው። ክረምት አልፎ ሲያቆጠቁጥ ዱካሌ ወረደ፤ በዓመቱም ወረደ። ቡና ለቀማ ሲያልቅ፣ ጥር ሲገባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ነው። የኔን ደወል ከሩቅ ስለሚያውቅ ገጀራውን ከፍ አድርጎ ሰላም ይለኛል፤ አንዳንዴ የሙዝ ዘለላ መጫኛዬ ላይ ያስርልኛል፤ እምቢ ብል ይቆጣል። ቦታው የዱካሌ ኩርባ ተባለ፤ ሹፌሮች ሲያልፉ ጥሩምባ ይነፉለት ጀመር። እኔ ግን ሌላ መንገድ ቢኖር በዞርኩ ነበር። የልጅቷ ስም ተረፈች ተባለ፤ ያወጣላት እሱ ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላት እጇን ይዞ ትምህርት ቤት አመጣትና "የአንተ ልጅ ናት፣ አስተምር" አለኝ። ሁለት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ጎበዝ ነበረች። ጥያቄ ጠይቄ እጇን ስታወጣ ዓይኖቿን ላለማየት ሌላ ልጅ እጠራለሁ፤ እሷም መምህሩ የማይወደኝ ምን አድርጌው ነው ሳትል አልቀረችም። ይሄም ተጨማሪ በደል ነው።

መንግሥት ሄደ፤ ሌላ መጣ፤ እሱም ሄደ። ድሬሰር አሰፋ ወደ አገሩ ተዛውሮ እዚያው አረፈ፤ እስከ መጨረሻው ለበዓል ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር፣ "ከጉድ ላወጣኝ ወንድሜ" ብሎ። መንገዱ አስፋልት ሆነ። አስፋልት ላይ የአጋም እሾህ ምን ይሠራል? ዱካሌ ግን አላቆመም፤ "እግረኛም አለ" ይል ነበር። አንዳንዴ ልንገረው እያልኩ ስሄድ ሰው ከቦት አገኘዋለሁ፤ ብቻውን ሳገኘው ደግሞ ድፍረቱ ከኔ ዘንድ አይኖርም። የዛሬ ሦስት ዓመት ጥር ላይ በዚያ ሳልፍ ከሚኒባሱ ወርጄ ብቻዬን ወደ እሱ ሄድኩ። ጎብጧል። ገጀራውን በሁለት እጁ ነው የሚያነሣው። አንዱን ቅርንጫፍ ሲስብ እሾሁ መዳፉን ሰንጥቆት ደሙ እስከ ክንዱ ወርዷል፤ እሱ አላየውም። መሐረቤን አውጥቼ ልጠርግለት እጁን ስይዝ ሁሉም ነገር አንድ ላይ አፌ ላይ መጣ። ነገርኩት። ሸሚዙን፣ ፎቶውን፣ መዝጊያውን በእጄ መፍታቴን፣ መንፊያው ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን፣ ምጥ የያዛት ሴት መኖሯን እያወቅሁ ዝም ማለቴን። "እሾህ አልነበረም ዱካሌ" አልኩት። "ምንም እሾህ አልነበረም።"

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝ እወድ ነበር። ዱካሌ የተቆረጠውን ክምር አየ። ከኩርባው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ የሃምሳ ዓመት ሥራውን፣ በዓይኑ ቀስ ብሎ ሄደበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"እንግዲያ እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ነበር የምቆርጠው?"

ለወጉ የጠየቀ አልነበረም፤ ራሱን ወደ እኔ አዘንብሎ ሊሰማ ይጠብቅ ነበር።

"መምህር አይደለህ? ንገረኝ።"

ጠብቆ ሲሰለቸው ገጀራውን መሬት ላይ አስቀመጠና ዳገቱን ወጣ፤ ሁለት ጊዜ እያረፈ ሲወጣ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ወደ ኩርባው አልወረደም። ገጀራው እዚያው ሣር ውስጥ ወድቆ ሁለት ቅዳሜ ቆየ፤ በሦስተኛው አነሣሁትና በጋዜጣ ጠቅልዬ ቤቴ ወሰድኩት፤ አሁንም ከአልጋዬ ሥር ነው። ዱካሌ የዚያኑ ክረምት ሞተ። ለማንም አልተናገረም። ይህን ያወቅኩት ለቅሶ ስደርስ ተረፈች፣ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየች ሴት፣ ከሰው መሃል ተነሥታ እንደ አባት አቅፋ ስለሳመችኝ ነው። ሁሉም ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ። ሰዉ ሲቀንስ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ የአባዬን ገጀራ አይተውት ያውቃሉ? ቤቱን ሁሉ ፈልገን አጣነው" አለችኝ። "ልጆቼ የአያታችንን ሥራ አናስቀርም ብለዋል። በሱ ገጀራ ቢሆን ደስ ይለን ነበር።"

ያን ጊዜ ነበር ልነግራት የምችለው። እንደዚያ እንደ ጅረቱ ዳር ቃሉ አፌ ላይ ነበር።

"አላየሁም ልጄ" አልኳት።

ጥር ሲገባ ልጆቿ አዲስ ገጀራ ገዝተው ወደ ኩርባው ወረዱ።